ክልሎች ሕገ መንግሥታቸውን ሲቀይሩ ማን ይጠየቃል?

የኦሮሚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 በጣም አጭር ነው። የክልሉ ርዕሰ ከተማ የት እንደሆነ ይናገራል፣ በቃ። በ1987 ዓ.ም. ሲጻፍ ፊንፊኔ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ይል ነበር። በ1994 ዓ.ም. ሲሻሻል አዳማ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ፊንፊኔ ተባለ። ያቺ አንዲት መስመር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠች።

ከመስመሯ ጀርባ ግን ብዙ ሰው አለ። ቢሮዎች ተጭነው ወደ አዳማ ሄዱ። ሠራተኛው ቤት ለቀቀ፣ በአዲስ ከተማ ኪራይ ፈለገ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት አፈላለገ። ውሳኔውን የተቃወሙ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። ከዚያ የ1997 ምርጫ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ የክልሉ መንግሥት ወደ ፊንፊኔ እንደሚመለስ ተነገረ። የሄደው ዕቃ እንደገና ተጭኖ መጣ።

ሲሄድም ሲመለስም ሕገ መንግሥት ተሻሽሏል። ሲሄድም ሲመለስም የኦሮሚያ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠበትም። የክልል ሕገ መንግሥት ነገር ሲነሳ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይሄ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሳወራ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ፦ «ክልል የራሱ ሕገ መንግሥት አለው እንዴ?» አልፈርድም። እኔም ራሴ የክልሌን ሕገ መንግሥት ቅጂ ለማግኘት ሦስት ቢሮ ዞሬያለሁ። አንደኛው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ። ሁለተኛው የፌዴራሉን ሰማያዊ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይሄ የፌዴራሉ ነው» ስል ልጁ ገርሞት አየኝ። በመጨረሻ አንድ የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒ አደረገልኝ። ከኮፒው ጠርዝ ላይ የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አብሮ ተቀድቷል። ሰውዬው አንድ አንቀጽ አስምሮ «መቼ ነው የተቀየረው?» ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ ባላውቅም ጥያቄው የእኔም ነበር።

ሕጎቹ የሚታተሙባቸው ጋዜጦች የየራሳቸው ስም አላቸው። የአማራ ክልል «ዝክረ ሕግ» ይለዋል። ኦሮሚያ «መገለታ ኦሮሚያ»፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ «ልሳነ ሕግ»። ደስ የሚሉ ስሞች ናቸው። ግን ከሕግ ባለሙያ ውጪ ስንት ሰው እጅ ገብተው ያውቃሉ?

ነገሩ በሕግ ሲታይ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለክልሎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 50 ደግሞ ማን እንደሚያደርገው ይናገራል፦ የክልሉ ምክር ቤት ያዘጋጃል፣ ያጸድቃል፣ ያሻሽላል። ገደቡ አንድ ነው። ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር መጋጨት የለበትም። አንቀጽ 9 የሚቃረን ነገር ሁሉ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ስለዚህ የፌዴራሉ ዝቅተኛውን ልክ ያስቀምጣል። ክልሉ በዚያ ላይ መጨመር ይችላል፣ ከዚያ መቀነስ አይችልም።

መጨመር ይችላል ስንል ብዙ ነገር ነው። የሥራ ቋንቋውን ይመርጣል። ርዕሰ ከተማውን ይወስናል። ዞን ይኑር አይኑር፣ ወረዳ ምን ያህል ሥልጣን ይኑረው፣ በክልሉ ያሉ አናሳ ብሔረሰቦች የራሳቸው ምክር ቤት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ይሄ ሁሉ የእሱ ነው። አንድ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማመልከቻውን በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ሰነድ አይደለም፣ የክልሉ ነው። የዕለት ኑሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ታዲያ በ1987 ዓ.ም. የወጡት የክልል ሕገ መንግሥታት ይህን ዕድል ብዙም አልተጠቀሙበትም። አንዱን ከፌዴራሉ ጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ የመብት ምዕራፉ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነው። ሁለት ክልሎችን ጎን ለጎን ብታነቡም እንደዚያው። ምክንያቱ አይጠፋንም። አራቱን ትላልቅ ክልሎች አንድ ግንባር ያስተዳድር ነበር። የቀሩትንም አጋሮቹ። አንድ እጅ የጻፈው ደብዳቤ ዘጠኝ ፖስታ ውስጥ እንደገባ ያህል ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1994 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የክልል ሕገ መንግሥት በእኛ አገር ለምን እንደሚቀየር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጊዜ የለምና።

በመጋቢት 1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። በወራት ውስጥ ነገሩ ወደ ክልሎች ወረደ። የትግራዩ ገብሩ አሥራት ተነሱ። የደቡቡ አባተ ኪሾ ተነሱ። የኦሮሚያው ኩማ ደመቅሳ ተነሱ። ያኔ ርዕሰ መስተዳድር ማለት ዛሬ ከምናውቀው በላይ ነበር። አስፈጻሚውንም ይመራል፣ የክልሉን ምክር ቤትም በሰብሳቢነት ይመራል። ተቆጣጣሪውም ተቆጣጣሪ የሚሆንበትም አንድ ሰው ማለት ነው። ማዕከሉ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሲጣላ ነገሩ ይከብዳል።

በ1994 መጀመሪያ ወራት ትላልቆቹ ክልሎች በተቀራረበ ጊዜ ሕገ መንግሥታቸውን አሻሻሉ። ሌሎቹም በተከታዮቹ ዓመታት ተከተሉ። ምክር ቤቱ የራሱ አፈ ጉባኤ ተሾመለት። ርዕሰ መስተዳድሩ ከምክር ቤቱ ወንበር ወረደ። ወረዳዎች የበለጠ ሥልጣን አገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ በአራቱ ትላልቅ ክልሎች በጀት በጥቅል ድጎማ ለወረዳ መሰጠት ጀመረ። የክልልን ሕገ መንግሥት የሚተረጉም አካልም ተቋቋመ። በአማራና በኦሮሚያ ከየወረዳው የሚወከሉ ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን ሆነ፣ በደቡብ ደግሞ የብሔረሰቦች ምክር ቤት።

ይዘቱን ብቻ ካየን ጥሩ ለውጥ ነው። ይህን ለመናገር አላመነታም። የሥልጣን ክፍፍል ያስፈልግ ነበር። ወረዳ የራሱን በጀት መያዙ ለገጠሩ ሰው ትልቅ ነገር ነበር፤ የጤና ኬላ ለማሠራት የክልል ርዕሰ ከተማ ድረስ መሄድ ቀረ። ግን ለውጡ ለምን በዚያ ሰሞን መጣ? ለምን በትላልቆቹ ክልሎች ባንድ ላይ? ሕዝቡ በድንገት በየክልሉ ባንድ ጊዜ አፈ ጉባኤ ስላማረው አይደለም። ፓርቲው ውስጥ የተነሳ ጠብ ነው የክልሎችን ሕገ መንግሥት የቀየረው።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። በኢትዮጵያ የክልል ሕገ መንግሥት የሚቀየረው ከላይ ያለው ኃይል ሲቀየር ነው። ጥሩ ሲሆንም መጥፎ ሲሆንም። እንደዚያ የመጣ ጥሩ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም። የትርጉም ኮሚሽኖቹን ተመልከቱ። በወረቀት ላይ ድንቅ ናቸው፦ ከየወረዳው የመጣ ሰው ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። በተግባር ግን ሲሠሩ እምብዛም አይሰማም። የጠየቃቸው የለም፣ መኖራቸውን የሚያውቅም ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ቃላቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። አንቀጽ 8 በኦሮሚያ የክልሉ የበላይ ሥልጣን ባለቤት የኦሮሞ ብሔር ሕዝብ መሆኑን ይናገራል። የአማራው አቻ አንቀጽ ደግሞ «የአማራ ክልል ሕዝቦች» ይላል። በአማራ ክልል ውስጥ አገው አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ አርጎባ አለ። የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። በየቋንቋቸው ይሠራሉ። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስት ቃል ነው። ግን ለምሳሌ ጅማ ተወልዶ ያደገ የሌላ ብሔር ልጅ ያንን ቃል ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ማሰብ አይከብድም።

ከሁሉም የከበደኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ እና ኮሞ ናቸው ይላል። ሌሎች በክልሉ የሚኖሩ ሕዝቦችም እንዳሉ ዕውቅና ይሰጣል። «ባለቤት» የሚለው ቃል ግን ለአምስቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አማራና ኦሮሞ ብቻ ተደምረው ከክልሉ ሕዝብ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ነበሩ።

ይህ አንቀጽ ከሜዳ አልተነሳም። የጉሙዝና የበርታ ሰዎች ለብዙ ትውልድ በባሪያ ፍንገላ የተጠቁ ናቸው። በገዛ መሬታቸው ላይ ሰው ተብለው ያልተቆጠሩበት ዘመን ነበር። «ይህ ምድር የእናንተ ነው» የሚል ሰነድ ሲያገኙ ቁስል መጠገኛ ነው። ያንን የማይረዳ ሰው ስለዚህ አንቀጽ ባይናገር ይሻላል። ግን ያው ቃል ለጎረቤቱ «አንተ ተከራይ ነህ» ሊመስለው ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የደረሰውን እልቂት ሁላችንም ሰምተናል። አንድ አንቀጽ ሰው ገደለ አልልም። ገዳዮቹ ሰዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥት ማንን ባለቤት፣ ማንን ነዋሪ እንደሚል በጥንቃቄ መታየት ነበረበት። ያ ቃል ሲጻፍ ጉሙዙም አማራውም፣ ሺናሻውም ኦሮሞውም አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ኖሮ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይወጣ ነበር? ይህን ጥያቄ መተው አልቻልኩም።

ሐረሪ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። በ1999 ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልሉ ሕዝብ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ጉባኤዎች አቋቋመ። አንደኛው 22 መቀመጫ ያለው ለሁሉም ነዋሪ፣ ሌላኛው 14 መቀመጫ ያለው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። ለብሔራዊ ጉባኤው ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። በ2013 ምርጫ ምርጫ ቦርድ ይህን አልቀበልም ብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሐረሪዎቹ ረቱ። ዝግጅቱን የሚወደውም የሚነቅፈውም አለ። ቢያንስ ግን ለራሱ ልክ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ከሌላው የተቀዳ አይደለም።

ክልል ሕገ መንግሥቱን ቀይሮ ከፌዴራሉ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ደግሞ 2012 አሳይቶናል። ኮሮና ምርጫውን አራዘመው። ትግራይ በራሷ ምርጫ አደርጋለሁ አለች። የምርጫ ሥርዓቷን ቀየረች፣ የምክር ቤቱን መቀመጫም ከ152 ወደ 190 አሳደገች። ጭማሪዎቹ 38 መቀመጫዎች በተመጣጣኝ ውክልና የሚሞሉ ነበሩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የሚያስደስት ሙከራ ነው፤ አሸናፊው ሁሉን የሚጠቀልልበትን አሠራር የሚያለሳልስ። ነገር ግን የምርጫ ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 51 የፌዴራል ሥልጣን ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነሐሴ 30 ቀን 2012 ሂደቱ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ምርጫው ጳጉሜን 4 ተካሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱ የመጣው በመቀመጫ ቁጥር አይደለም። ግን ሁለቱ መንግሥታት «ሕገ መንግሥቱ ከእኔ ጋር ነው» ሲባባሉ መሃል ላይ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ አልነበረም።

ከዚያ የደቡብ ነገር መጣ። ከ50 በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት ክልል ነበር። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 በሕዝበ ውሳኔ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 የቀረው ለሁለት ተከፈለና ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተወለዱ። የድሮው ደቡብ ከነሕገ መንግሥቱ ታሪክ ሆነ። በፌዴሬሽኑ ውስጥ ክልሎች 12 ደረሱ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ሒሳብ አለ። የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ሌላ የክልል ምክር ቤቶችም ድምፅ ያስፈልጋል። ለአብዛኛው አንቀጽ ሁለት ሦስተኛው የክልል ምክር ቤቶች፣ ለመብት ምዕራፉ ደግሞ ሁሉም። ዘጠኝ ክልል ሲኖር ሁለት ሦስተኛው ስድስት ነበር። አሁን ስምንት ነው። የድሮው ደቡብ አንድ ድምፅ ነበረው። ዛሬ በእሱ ቦታ ያሉት አራት ክልሎች አራት ድምፅ አላቸው። ሲዳማ ክልል ሲሆን የራሱን ጉዳይ ብቻ አልቀየረም፤ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የመቀየሪያ ሚዛን ነካ። የክልል ጉዳይ የክልል ብቻ ሆኖ አይቀርም የምለው ለዚህ ነው።

የአዲሶቹ ክልሎች ሕገ መንግሥታት አንድ አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል፦ የመንግሥት መቀመጫን በከተሞች መካከል መካፈል። ደቡብ ምዕራብ ቦንጋን፣ ተርጫን፣ ሚዛን አማንን እና ቴፒን አንድ ላይ መቀመጫ አደረገ። ደቡብ ኢትዮጵያ ቢሮዎቹን በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በሳውላና በካራት አከፋፈለ። ይህ የድሮው ደቡብ መቀመጫ ከነበረችው ከሐዋሳ የተገኘ ትምህርት ነው። ሁሉ ነገር አንድ ከተማ ሲከማች ሌላው እንደተገፋ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የጂንካ ነጋዴን አስቡት። አንዱን ጉዳይ ለመጨረስ ሶዶ ሊሄድ ነው፣ ለሌላው አርባ ምንጭ፣ ለሌላው ዲላ። አውቶቡስ፣ አልጋ፣ ምግብ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ይምጡ» ሲባል ደግሞ ሌላ ሌሊት። ለፍትሐዊነት የተከፈለው ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ማስላት ያስፈልግ ነበር።

ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ በቀር በነዚህ ቦታዎች ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በምን ላይ? ክልል ይሁን አይሁን በሚለው ላይ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ የጸደቀው በምክር ቤት ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በነሐሴ 2014 በክላስተር፣ ማለትም ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል፣ መደራጀትን በድምፅ አልተቀበለም ነበር፤ በመጨረሻ ዞኑ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ገባ። በወላይታም ሕዝበ ውሳኔው በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት በሰኔ 2015 እንደገና ተካሂዷል። የቤቱ ግድግዳ ላይ ተጠይቀናል፣ ውስጡ እንዴት እንደሚከፋፈል ግን አልተጠየቅንም።

ሌላ አገር እንዴት ነው? ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ዘመዴ በ2020 እ.ኤ.አ. ምርጫ ማግስት ደወለችልኝ። ፕሬዚዳንት ልትመርጥ ሄዳ ወረቀቱ ላይ ሌላ ጥያቄ አገኘች። የግዛቷን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር። አንደኛው የምርጫ ወረዳ ወሰን የሚያሰምር ኮሚሽን ይቋቋም ወይ ይላል። ሁለተኛው በውትድርና አገልግሎቱ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ የሆነ የቀድሞ ወታደር ለመኪናው የሚከፍለው ግብር ይቅርለት ወይ። «የመኪና ግብር ሕገ መንግሥት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች። ስቃ ሳትጨርስ ግን «ለመሆኑ እናንተን ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ?» ብላ ጨመረች። መልስ አልነበረኝም።

በቨርጂኒያ ማሻሻያ ምክር ቤቱን ሁለት ጊዜ ያልፋል። በመሃል ምርጫ ይደረጋል። ማለትም ረቂቁን ያጸደቁት ተወካዮች መራጩ ፊት ቀርበው ይመለሳሉ ወይም ይወድቃሉ። ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ይወስናል። ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ምክር ቤቱ የሚያቀርበውን ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ የማታቀርበው ደላዌር ብቻ ነች።

ይህ ማለት አሜሪካ ሁሉ ነገር ሰመረላት ማለት አይደለም። አላባማን እንይ። በ1901 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ሕገ መንግሥት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ለመንጠቅ ታስቦ የተሠራ ነው። የጉባኤው ሊቀ መንበር በመክፈቻው ንግግር ዓላማው የነጭ የበላይነትን መመሥረት መሆኑን አልደበቀም። ሥልጣኑንም ሁሉ በግዛቱ ርዕሰ ከተማ በሞንትጎመሪ ላይ ሰበሰበ። በዚህ የተነሳ አንድ ትንሽ አውራጃ የራሱን ጉዳይ ለመወሰን የግዛቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ግድ ሆነበት፤ የቢንጎ ጨዋታ ሳይቀር። ማሻሻያው ከ900 አለፈ። የዘር መድልዎ ቃላቱን ያወጣውን አዲስ ቅጂ ሕዝቡ ያጸደቀው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ቀላል ማሻሻያ ብቻውን አያድንም፤ መጀመሪያ የተጻፈው በማን እጅና ለማን እንደሆነ ለመቶ ዓመት ይከተላል።

ጀርመን ውስጥ የሄሰን ክልል ሕገ መንግሥት እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣት ተጽፎበት ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ከ1949 ጀምሮ ስለከለከለው ቃሉ የሞተ ነው። ቢሆንም ለማውጣት ሕዝቡ ድምፅ መስጠት ነበረበት፣ ሰጠም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። አፐንዘል ኢነርሮደን የምትባለው ትንሽ ካንቶን ወንዶች በ1990 እ.ኤ.አ. አደባባይ ወጥተው፣ እጅ አንሥተው፣ ሴቶች እንዳይመርጡ ወሰኑ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ጣልቃ ገባ። የካንቶኑ ሕገ መንግሥት ስለ ዜጋ ሲናገር ሴቶችንም ይጨምራል ብሎ ፈረደ። የሕዝብ ድምፅ የሰውን መብት ሲነጥቅ የሚያቆመው ዳኛ ያስፈልጋል። ይህን የማነሳው «ሁሉን ለሕዝብ ድምፅ ተዉት» የምል እንዳይመስል ነው። በእኛ አገር ብዙኃኑ በክልሉ ያለውን አናሳ በድምፅ ብልጫ ሊደፈጥጥ ይችላል። ለዚህ ነው ድምፁም ዳኛውም አብረው የሚያስፈልጉት።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሞ አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል። የሕገ መንግሥት መሻሻል ከሚነሱት ዋነኛ ነገሮች አንዱ ነው። ክርክሩ በሙሉ ግን በፌዴራሉ ላይ ነው፦ አንቀጽ 39፣ መግቢያው፣ ፓርላማዊ ይሁን ፕሬዚዳንታዊ። የፌዴራሉ ከተነካ 12 የክልል ሰነዶች ተከትለው መነካታቸው አይቀርም። ስለ እነሱ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። የ1994ቱ ታሪክ ይደገማል ብዬ እፈራለሁ፤ ረቂቁ አንድ ቦታ ይዘጋጃል፣ በየክልሉ ይላካል፣ በአንድ ቀን ጉባኤ እጅ ይወጣል።

የፌዴራሉ አንቀጽ 104 የማሻሻያ ሐሳብ ድጋፍ ካገኘ በኋላ ለውይይትና ለውሳኔ ለመላው ሕዝብ ይቀርባል ይላል። ይህ ቃል እዚያው ተጽፏል። ክልሎች ይህን ቃል ወደ ራሳቸው ሰነድ ለመውሰድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። አብዛኞቹ ለማሻሻል ከፍ ያለ የምክር ቤት ድምፅ ይፈልጋሉ፤ የወረዳ ምክር ቤቶችን አስተያየት የሚጠይቁም አሉ። አንድ ፓርቲ የክልሉን ምክር ቤትም የወረዳውንም ሲይዝ ግን ይህ ሁሉ አጥር በአንድ ስልክ ይከፈታል። ስለዚህ አጥሩ ከፓርቲው ውጪ ያለ ሰው ጋ መድረስ አለበት።

እኔ ብጠየቅ ከክልሌ ምክር ቤት የምፈልገው ብዙ አይደለም። ረቂቁ ከመጽደቁ ቢያንስ ሦስት ወር በፊት ይታተም። በክልሉ በሚነገሩ ቋንቋዎች ሁሉ፣ በሬዲዮም ይነበብ፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬም የእሱ ነውና። አሮጌው አንቀጽና አዲሱ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ምን እንደተቀየረ ሰው በዓይኑ እንዲያይ። የብሔር፣ የቋንቋና የርዕሰ ከተማ አንቀጾች ያለ ሕዝበ ውሳኔ አይነኩ። በእነዚህ ላይ የክልሉ አናሳ ማኅበረሰቦች ለብቻቸው ድምፅ ይስጡ። ለአዋጁ እጁን ያወጣ፣ ያላወጣና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ አባል ስሙ በጋዜጣው ላይ ይታተም። የታተመው ቅጂም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የሚፈልግ ሰው ሦስት ቢሮ ሳይዞር እንዲያገኘው።